አንደኛው ክር ሁለት ጊዜ ሲበጠስ፦ ከጅማ የአንድ ጊታር ጉዳይ

ባለፈው ዓመት ግንቦት መጨረሻ፣ አመሻሽ ላይ፣ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጊታሯን በጋቢ ጠቅልላ ፈረንጅ አራዳ ወዳለችው ክፍሌ መጣች። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። «ጋሼ፣ ክሩ ብቻ ነው የተበጠሰው፤ ሌላ ምንም የለበትም» አለችኝ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በስልኳ ብርሃን አየሁት። እውነትም አንደኛው ክር፣ ቀጭኑ ኢ፣ ከላይ መጠቅለያው ጋ ተቆርጧል። መሳቢያዬ ውስጥ ቁጥር 10 የብረት ክር ነበረኝ። አሰርኩላት፣ ቃኘሁላት፣ አመስግና ሄደች። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በዚያች ሩብ ሰዓት የተነሳ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰች። ያው ክር፣ ያው ቦታ ላይ ተበጥሷል። «ክሩ ደካማ ነው መሰለኝ» ስትል ትንሽ አፈርኩ፤ ክሩን የሰጠኋት እኔ ነኛ። ክር አንድ ጊዜ ቢበጠስ አርጅቶ ነው ይባላል። ሁለት ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ሲበጠስ ግን ክሩን ትቶ የተቀመጠበትን ነገር ማየት ያስፈልጋል። በዚህኛው ቀን መብራትም ነበር፣ ጊዜም ነበረኝ። ጊታሩን ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩትና ባለፈው ማድረግ የነበረብኝን ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያየሁት

የጊታሩ ራስ መሐሉ ላይ ሁለት ረጃጅም ክፍተቶች አሉት፤ ክሮቹ የሚጠቀለሉትም በነጫጭ የፕላስቲክ መጠቅለያዎች ላይ ነው። አንገቱን ከላይ ነቱ ጋ፣ ማለትም ክሮቹ ከራሱ ሥር የሚያርፉበት ዘንግ ጋ፣ ወርዱን ስለካው 52 ሚሊሜትር ሆነ። የብረት ክር ጊታር እዚያ ቦታ ላይ ብዙውን ጊዜ ወደ 43 ነው። አንገቱ ውስጥ የሚያልፍ፣ በቁልፍ የሚጠብቅና የሚላላ የብረት ዘንግ የለውም። ብሪጁ፣ ማለትም ፊቱ ላይ የተለጠፈውና ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት፣ ክር በቋጠሮ የሚያዝበት ዓይነት ነው። የብረት ክር ጊታር ላይ የምናየው በጉጥ የሚደፈን ቀዳዳ የለውም።

ባጭሩ ክላሲካል ጊታር ነው። ለናይለን የተሠራ። ከላዩ ላይ ግን ስድስት የብረት ክር ተወጥሮበታል፤ የክሮቹ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ የነሐስ ቀለበት ብሪጁ ጀርባ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ጋር ተሰንቅራ ነው የያዘችው። ከስድስቱ አንዱን ደግሞ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ ሳላይ።

«ማነው ይሄን ክር የገዛው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ወንድሜ ነው። የድሮው ድምፁ ታፍኖ ነበር። ሱቁ ሄዶ የጊታር ክር ስጡኝ አለ፣ ሰጡት።»

ሻጩ ዋሽቶ አልሸጠም፤ የጊታር ክር ተባለ፣ የጊታር ክር ሰጠ። ችግሩ አንድ ስም ሁለት መሣሪያ መጥራቱ ነው።

ከዚያ ብሪጁን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ በጎን አየሁት። ከኋላ በኩል እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር አለ። አንድ ወረቀት ወስጄ ወደ ውስጥ ስገፋው ገባ። 6 ሚሊሜትር ያህል ገብቶ ቆመ። የብሪጁ ስፋት 28 ነው፤ ከአምስት አንዱ እጅ ለቋል ማለት ነው። ከብሪጁ ኋላ ያለው የፊት ጣውላ ደግሞ እንደ በላ ሰው ሆድ ተነፍቷል። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ (ፍሬት አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው የብረት ዘንግ ነው) የስድስተኛው ክር ከፍታ 6 ሚሊሜትር ሆኖ አገኘሁት፤ በክላሲካል ጊታር 4 አካባቢ ሲሆን ለእጅ ይመቻል። «ስትጫወቺ ጣትሽን አያምሽም?» ስላት ሳቀች። «እኔ እኮ ጊታር ሁልጊዜ የሚያም ነው የመሰለኝ።»

ክብደቱን በፈረሱላ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከጉዳዩ ሁሉ እኔን ራሴን ያስገረመኝ ይሄ ክፍል ነው።

ክር ድምፅ የሚያወጣው ተወጥሮ ነው። ርዝመቱ፣ የክሩ ክብደትና የምንፈልገው ድምፅ ከታወቁ ምን ያህል ኪሎ እንደሚጎትት በስሌት ይወጣል፤ ክር አምራቾችም ለየክሩ አኃዙን ያወጣሉ። መካከለኛ ውጥረት ያለው የናይለን ክር፣ ስድስቱም በትክክል ሲቃኙ፣ በድምሩ ወደ 38 ኪሎ ይጎትታል። ቁጥር 10 የሚባለው የብረት ክር ስብስብ (ቁጥሩ የአንደኛውን ክር ውፍረት ነው የሚያመለክተው) ስድስቱም በድምሩ 60 ኪሎ አካባቢ ነው። ቁጥር 12 ከሆነ ደግሞ 70ን አልፎ ይሄዳል። ለጅማ ሰው በቡና ብናገረው ይቀላል፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ጊታሩ ከሁለት ፈረሱላ ትንሽ በለጥ የሚል እንዲሸከም ተሠራ፤ ሦስት ፈረሱላ ተኩል ጫኑበት። 60 ኪሎ እንግዲህ ወደ ውጭ የሚላክ አንድ ጆንያ ቡና ነው። ያ ጆንያ ከሦስት ሚሊሜትር በማይበልጥ ጣውላ ላይ በኮላ በተለጠፈ አንድ ቁራጭ እንጨት ላይ ቀንና ሌሊት ተንጠልጥሎ ማለት ነው።

አሁን የሚያስገርመው። ሁላችንም ጣታችን የሚቀሰረው በተበጠሰው ክር ላይ ነው። አንደኛው ክር ግን ብረትም ሆነ ናይለን ጭነቱ ያን ያህል አይለያይም፤ ሁለቱም 7 ኪሎ አካባቢ ናቸው። ምክንያቱም ብረቱ እጅግ ቢከብድም እጅግ ቀጭን ነው፤ ሩብ ሚሊሜትር ብቻ። የናይለኑ ከ0.7 ሚሊሜትር ይበልጣል። ተመዝኖ ሲታይ አንድ ሜትር ብረትና አንድ ሜትር ናይለን እኩል ለእኩል ይቀራረባሉ። ጭነቱ የተደበቀው መሐል ላይ ነው። ሦስተኛው ክር፣ ጂ፣ በናይለን 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ሲሆን በብረት ከ12 ይበልጣል። አራተኛው ከ7 ወደ 12 ይሄዳል። አምስተኛውም እንደዚያው ከ7 ተነስቶ ወደ 12 ይጠጋል። ብሪጁን ሲያነሱት የከረሙት እነዚህ ናቸው፤ አንዳቸውም አልተበጠሱም፣ ማንም አልጠረጠራቸውም።

ስለዚህ በግንቦት ያሰርኩት ክር ብቻውን ጉዳቱን አላመጣም። ይህ ግን ለኔ ማምለጫ አይሆንም። አምስቱ እዚያው ፊቴ ነበሩ።

አንደኛው ታዲያ ለምን ተበጠሰ? መጠቅለያውን ነቅዬ አየሁት። ፕላስቲኩ ለናይለን ለስላሳ ክር የታሰበ ነው። ቀጭኑ ብረት እንደ ቢላ ቆርጦት ገብቷል፤ ክሩ በራሱ በቆረጠው ስንጥቅ ውስጥ ሰምጦ ቀዳዳው ከንፈር ላይ በሹል ይታጠፋል። እዚያ ቦታ ላይ ዕድሜ አይኖረውም። ሦስተኛ ብንሞክርም እዚያው ይበጠስ ነበር።

ናይለንን ማን አመጣው

ወንድሟ በኋላ «ናይለን ርካሽ ስለሆነ አይደል ለጀማሪ የሚያደርጉት?» ብሎኝ ነበርና መልሱን እዚህ ላስቀምጠው። ክላሲካል ጊታር ለናይለንም አልተወለደም፤ የተወለደው ለአንጀት ክር ነው። የኛ በገና አሥሩም አውታሮች ከበግ አንጀት እንደሚሠሩት የዚህም ቀጫጭን ክሮች ከአንጀት ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንጀት ለቁስል መስፊያ ስለተፈለገ ክር ጠፋ። ኒው ዮርክ ይኖር የነበረ አልበርት ኦገስቲን የሚባል ጊታር ሠሪ ናይለንን ለክር ሞከረው፤ የስፔኑ ጊታር ተጫዋች አንድሬስ ሴጎቪያም ወደደለት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940ዎቹ መጨረሻ ናይለን የአንጀትን ቦታ ያዘ። ክሩ ቢለወጥም የጊታሩ ገላ አልተለወጠም፤ ጣውላው ቀጭን፣ ውስጡ ያሉት ድጋፎችም ቀጫጭንና እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ናቸው። የብረት ክር ጊታር ግን ውስጡ በኤክስ ቅርጽ በወፍራም ድጋፍ ተይዟል፣ አንገቱም ብረት አለው። ናይለን የጀማሪ ክር አይደለም፤ የሌላ መሣሪያ ክር ነው።

ሂርማታ፣ አናጢው ጋ

ክሮቹን ያወለቅኩት በአንድ ጊዜ ቆርጬ አይደለም። እንደዚያ የተወጠረ ነገር ሲለቀቅ ቀስ ቢል ይሻላል፤ ሁሉንም በየተራ ግማሽ ዙር፣ ግማሽ ዙር እያላላሁ ቆየሁ። «ክር ስትቀይር ሁሉንም አታውልቅ፣ አንገቱ ይጣመማል» የሚል ወሬ አለ። ለጥቂት ቀን ያለ ክር ቢቀመጥ ክላሲካል ጊታር ምንም አይሆንም። ይሄኛው እንዲያውም ማረፍ ነበረበት።

ብሪጁን ሙሉ በሙሉ አውልቆ፣ ሁለቱንም ፊት አጽድቶ እንደገና መለጠፍ ነው ትክክለኛው ሥራ። ይህን አውቄ ነው ያላደረግኩት። የፊት ጣውላው ጠንካራ አንድ ወጥ እንጨት ሳይሆን በስስ በስሱ የተደራረበ ነው፤ በሙቀት ላላቅቅ ብል ከላይ ያለው ስስ ሽፋን አብሮ ሊገነጠል ይችላል፣ እኔም ለዚያ የሚሆን ዕቃ የለኝም። የለቀቀው አንድ አምስተኛው ነው፤ አራቱ እጅ አጥብቆ ይዟል። በዚያ ላይ ጭነቱ ከዚህ በኋላ በሲሦ ያህል ሊቀንስ ነው። በዚህ ሂሳብ የለቀቀውን ብቻ ለመለጠፍ ወሰንኩ። ሌላ ሰው ሌላ ቢወስን አልከራከረውም።

ችግሩ መጨበጫ ነበር። ብሪጁን ከላይና ከታች አጥብቆ ለመያዝ በድምፅ ቀዳዳው ገብቶ ብሪጁ ሥር የሚደርስ ረጅም ክንድ ያስፈልጋል። የብረት ሠራተኛ ሞርሳ ክንዱ አጭር ነው፣ አይደርስም። ጊታሩን ይዤ ሂርማታ በርጩማ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ ጋ ሄድኩ። ከአንድ ወጥ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሲያወጡ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። ጊታሩን ተቀብለው በጣታቸው ፊቱን ቆርቆር አደረጉት፣ እንደ ሐኪም።

«ልጄ፣ በርጩማን ሰው ይቀመጥበታል ብለን ነው የምናወፍረው። ይሄን እኮ ማንም ይቀመጥበታል ብሎ አልሠራውም። ማን ተቀመጠበት?»

«ክር ነው፣ አባባ።»

አላመኑኝም። ሦስት ፈረሱላ ተኩል ስላቸው ግን መጋዛቸውን አስቀመጡ።

ከዋንዛ ቁራጭ ሁለት ረጃጅም ክንዶች አውጥተው፣ መሐሉን በብሎን አያይዘው፣ ከኋላ በሽብልቅ የሚጠብቅ መቆንጠጫ ሠሩልኝ። ውስጥ የሚያርፈውን ጫፍ ድጋፎቹን እንዳይሰብር በእጃችን እየዳሰስን፣ ድጋፎቹ በሚያልፉበት ልክ ጎድጎድ አደረጉት። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፈጀ። ሒሳብ ስጠይቅ የጠየቁኝ የሻይ ነው።

ማታ የድሮውን ኮላ በታጠፈ ስስ የአሸዋ ወረቀት ፈትጌ፣ ብናኙን እፍ ብዬ፣ አዲስ የአናጢ ኮላ በወረቀት ጫፍ እየገፋሁ እስከ ውስጥ አስገባሁ። መቆንጠጫውን ሳጠብቀው ትርፉ በጠርዙ ተንጠባጠበ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት። በበጋ አንድ ቀን ይበቃ ነበር። ሰኔ ነው፣ ጅማ ነው፤ ልብስ እንኳ በሁለት ቀን አይደርቅም። ሦስት ቀን ተውኩት።

ክሩን መጠበቅ

የናይለን ክር ሙሉ ስብስብ በከተማችን በዚያ ሳምንት አላገኘሁም። አዲስ አበባ ላለ ወዳጄ ደወልኩ፤ ፒያሳ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከው። 350 ኪሎ ሜትር የመጣ ክር ነው ብዬ ልጅቷን አሾፍኩባት።

በመሐል አንድ ጎረቤቴ፣ ክራር የሚጫወት፣ «የዓሣ ማጥመጃ ናይለን እሰርላት» አለኝ። እንደ ቀልድ ብንወስደውም ሐሳቡ ቀልድ አይደለም። ክራር ላይ ሰው ያስረዋል። ለጊታር ካርቦን ተብለው የሚሸጡት ቀጫጭን ክሮችም ከዓሣ ማጥመጃ ክር ጋር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ናቸው። ውፍረቱን በትክክል ለክቶ የሚገዛ ሰው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ሊያደርግ ይችላል። ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ግን አይሆንም፤ እነሱ በቀጫጭን የናይለን ፈትል ላይ በብር የተለበጠ የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለባቸው ናቸው፣ ያን ክብደት ባዶ ናይለን አይሰጥም። እኔም ብሪጁ ላይ የሚያርፈውን ጭነት በትክክል ማወቅ ስለፈለግኩ ጠበቅኩ።

ማሰሩ

ክሩ ሲደርስ ልጅቷን ጠራኋትና ሦስቱን እኔ፣ ሦስቱን እሷ እንድታስር አደረግኩ። ከማሰሩ በፊት ሳድሉን፣ ማለትም ክሮቹ የሚያርፉበትን ነጭ ዘንግ፣ ብረቱ የሞረደውን ጠርዝ በስስ የአሸዋ ወረቀት አለሰለስኩት፤ ስለታም ሆኖ ቢቀር ናይለኑን ይበላዋል። የተቆረጠውን መጠቅለያም ቀዳዳውን እንደዚሁ አለሰለስኩና ክሩ ጤነኛው ጎን ላይ እንዲጠቀለል አደረግኩ።

ናይለን ጫፉ ላይ ቀለበት የለውም፤ ቋጠሮው ነው የሚይዘው። ክሩ በብሪጁ ቀዳዳ ወደ ኋላ ያልፋል፣ ወደ ላይ ተመልሶ በራሱ ሥር ይገባል፣ ከዚያ ጫፉ ብሪጁ ላይ ተኝቶ በራሱ ሥር ይታሰራል። ወፍራሞቹ ባለ ሽቦ ክሮች ሸካራ ስለሆኑ አንድ ዙር ይበቃቸዋል። ቀጫጭኖቹ ሦስቱ እንደ ቅባት ናቸው፤ ሁለት፣ አንደኛው ሦስት ዙር ይፈልጋል። ዋናው ሚስጥር የመጨረሻው ዙር የት እንደሚያልቅ ነው፦ የብሪጁን የኋላ ጠርዝ ተሻግሮ፣ ከኋላ ታች ላይ መጠበቅ አለበት። ከላይ ከቀረ ውጥረቱ ሲመጣ ቋጠሮው ይፈታና ክሩ እንደ ጅራፍ ተወርውሮ ፊቱን ይጭራል። ልጅቷ የመጀመሪያዋን ከላይ አስቀረቻት። አላረምኳትም፤ ስትወጥር ሸተት ሲል ራሷ አየችው። በክብሪት የአንደኛውን ጫፍ ትንሽ አቅልጠን ጭንቅላት እንደ ምስማር አበጀንለት፤ ቢንሸራተት እንኳ ያግደዋል።

ከላይ ደግሞ በመጠቅለያው ቀዳዳ አሳልፈን፣ በራሱ ላይ አንድ ጊዜ ጠምዝዘን፣ ሦስት አራት ዙር እንዲጠቀለል አድርገን ቃኘን። ትርፉን ወዲያው አልቆረጥነውም።

ናይለን እንደ ብረት ወዲያው አይረጋም። በስልኳ መቃኛ ኢ ላይ ታደርሰዋለች፣ ዞር ብላ ስትመለስ ወርዷል። «ተበላሽቷል?» አለችኝ። አልተበላሸም፣ ናይለን ይለጠጣል። አራት አምስት ቀን ጠዋትና ማታ እየቃኘች ከረመች፤ ከዚያ በኋላ ነው የረጋው፣ ትርፉንም ያኔ ቆረጥነው።

የሆነውና ያልሆነው

በወሩ ስለካው የስድስተኛው ክር ከፍታ ከ6 ወደ 4.3 ሚሊሜትር ወርዷል። አንደኛው 3.3 ነው። የተነፋው ፊት ግማሽ ያህል ተመልሷል፤ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፣ የሚመለስም አይመስለኝም። ሦስተኛው ክር አሥራ ሁለተኛ ፍሬት ላይ ሲያዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ይወጣል። ይሄ በናይለን ሦስተኛ ክር ላይ የተለመደ ነውና ለማከም አልሞከርኩም።

ድምፁን በተመለከተ ሁለቱ ወንድምና እህት አልተስማሙም። እሷ ትዝታ ስትጫወትበት «እንደ ክራር ለስላሳ ሆነልኝ» አለች። ወንድሟ ግን ቅር ብሎታል፤ የብረቱን ጩኸት ወዶት ነበር። መጥቶ «ቀለል ያለ የብረት ክር ቢሆንስ ጋሼ፣ ቁጥር 9?» ብሎ ተከራከረኝ። ስሌቱን ወረቀት ላይ ጻፍኩለት፤ ቀለል ያለውም ቢሆን ከናይለኑ ይከብዳል፣ ያ ብሪጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ተነስቷል። የብረት ድምፅ ከፈለገ የብረት ጊታር ይግዛ አልኩት። «ገንዘብ ስጠኛ» አለኝ፤ በዚህ ተለያየን።

ከልጅቷ ጋር ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር አደረግን። በብሪጁ የኋላ ጠርዝ ልክ፣ ፊቱ ላይ፣ በእርሳስ ስስ መስመር አሰመርኩ። ብሪጁ ከተነሳ ወይም ወደ ፊት ከተሳበ መስመሩና ጠርዙ ይለያያሉ፤ በየሳምንቱ እንድታየው ነገርኳት። ከክረምት በኋላ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ይዛው መጣች። በክፍሌ መስኮት ብርሃን አዘንብዬ አየሁት። መስመሩና ጠርዙ እንደተገናኙ ናቸው፤ ወረቀትም ሞከርኩ፣ አልገባም። ከዚያ ወዲህ ክር ለማሰር የሚመጣልኝን ጊታር ሁሉ መጀመሪያ የማየው ከኋላ፣ ብሪጁን ነው፤ መብራት ከሌለ ደግሞ «ነገ ና» እላለሁ።